የላይፕዚግ ደብዳቤዎች

አውቶቡሱ ወረታን ለቅቆ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ሲጀምር፣ ጣሪያው ላይ የታሰሩት ዶሮዎች ባንድ አፍ ጮኹ። ሠናይት ጌጡ በጉልበቶቿ መካከል ያቆመቻትን ትንሽ ሻንጣ ጠበቅ አደረገቻት። ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ልጫንልሽ ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቃት እሺ አላለችውም።

«ምን ቢይዝ ነው እትዬ እንዲህ የሚያሳቅፍ?» ብሏት ነበር፣ ገና ወረታ ሳይደርሱ ሐሙሲት ላይ ለዋንዛዬ ፍል ውኃ የመጡትን ባልቴቶች አውርዶ ሲመለስ።

«ብረት ነው።»

«ብረት ከሆነማ ቦታው ጣሪያ ነዋ!»

«የኔ ብረት ብርድ አይችልም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ለገዛ ጆሮዋ እንግዳ ሆነባት። በአማርኛ ቀልዳ ሰው ካሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

ዘመኑ ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሆኖ አጫጁን ይጠብቃል። ጉና ራሱን በጉም ተከናንቧል። ሠናይት በዚህ መንገድ ቁልቁል የወረደችው በሰባ አራት ነው፤ መንግሥት የሕትመት ሙያ ተማሪ ብሎ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ላይፕዚግ ሲልካት። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዛሬ የላካት መንግሥት ወድቋል፤ የተቀበላት አገርም ከካርታ ላይ ጠፍቷል። ከሁሉም የቀረችው እሷ ናት።

ካፖርቷ ኪስ ውስጥ የመመለሻ ትኬት አለ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያገለግላል። ለጥየቃ መጣሁ ወይስ ለዘለቄታው የሚለውን ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም አልነገረችም።

አለም በር ኬላ ላይ አንድ ታጋይ ወደ አውቶቡሱ ገባ። ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያጠለቀ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። የሠናይትን ሻንጣ አስከፈታት። ከልብሱ ሥር የወጣችውን የአቡጀዲ ከረጢት በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሲመዝናት ፊቱ ተለወጠ።

«ጥይት ነው?»

«ፊደል ነው ወንድሜ። የአማርኛ ማተሚያ ፊደል።»

ከረጢቷን ፈታ። ከጥርስ የማይበልጡ፣ ግራጫ የብረት ቁርጥራጮች ወጡ። አንዷን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አያት። «ይቺ ተገልብጣለች» አለ። በበረሃ ፊደል የቆጠረ ሰው ኩራት በድምፁ ውስጥ ነበር።

«መዳፍህ ላይ ተጫናት።»

ተጫናት። ሲያነሳት ቀና ያለች ፊደል ቆዳው ላይ ታትማ ቀረች። ታጋዩ መዳፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ፈገግ አለ። «እለፊ፣ እህቴ።»

አውቶቡሱ ሲነሳ ሠናይት ከረጢቷን መልሳ ቋጠረች። ለአባቷ ያመጣችው ስጦታ ይኸው ነው። ላይፕዚግ ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት የተዘጋ ዕለት ከጓሮው ቆሻሻ ላይ የለቀመቻቸው መሆኑን ግን አባቷ አያውቁም። አባቷ የሚያውቁት በደብዳቤ የጻፈችላቸውን ነው፤ እዚያው ማተሚያ ቤት ውስጥ የሃያ ሰው አለቃ መሆኗን።

*

መሪጌታ ጌጡ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር መጽሐፍ የሚጽፉ የደብረ ታቦር ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው በግቢው በር ስትገባ ፀሐይ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ሊነሱ ሲሉ፣ ሠናይት ቀድማ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀለም ቀለም ይሸታሉ፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ ያልተለወጠ ነገር አገኘች።

«ቀጠንሽ» አሉ፣ አገጯን በሁለት ጣታቸው ይዘው።

«አንቱም ቀጥነዋል፣ አባባ።»

«እኔስ ብራና ሆኜ ነው።»

አጠገባቸው በርጩማ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ግራዝማች ዘውገ ናቸው። ማዕረጋቸውን የሰጣቸው ንጉሥም፣ ከማዕረጉ ጋር የመጣው መሬትም ከሄዱ ቆይተዋል። ግራዝማችነታቸው ግን በደብረ ታቦር አለ። ሠናይትን ሦስት ጊዜ ሳሟትና በቁም ነገር ጠየቋት።

«እኒያ ሃያ ስድስቱ ሐዲዶች ደኅና ናቸው?»

ሠናይት መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ትዝ አላት። በመጀመሪያ ደብዳቤዋ ስለ ላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ ጽፋ ነበር፤ ባንድ ጣሪያ ሥር ሃያ ስድስት ባቡር ጎን ለጎን እንደሚቆም።

«ደኅና ናቸው፣ ግራዝማች።»

«እሰየው! ላይፕዚግን እኔን ይጠይቁኝ እላለሁ ለዚህ ሁሉ ሰው። አባትሽ ደብዳቤሽን ሲያነቡ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። እንደው መንገዱን ብቻ ብታሳዪኝ ቤትሽን ሳልጠይቅ አገኘዋለሁ።»

ከጓዳ ርብቃ ሮጣ ወጣች። የሠናይት ሟች ወንድም ልጅ ናት፤ አክስቷ ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሃያ። ተጠምጥማባት አልላቀቅ አለች።

«እትዬ፣ እንኳን ደረስሽልኝ! ረቡዕ መሄዴ ነው እኮ። ከዛሬ ወዲያ ነገ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ለነርስነት ትምህርት አንድ የውጭ ማኅበር ወደ ሃምቡርግ ሊወስዳት ነው። ሠናይት ይህን አዲስ አበባ ስትደርስ ሰምታለች።

«ለርብቃ ስንቅ አዘጋጅቻለሁ» አሉ መሪጌታ። ከቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ ገና ያልተጠረዙ የብራና ቅጠሎች አወጡና ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሠናይት የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። «ይድረስ ለውድ አባቴና ለውድ እናቴ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከላይፕዚግ ከተማ ነው...»

«ደብዳቤዎችሽ ናቸው» አሉ አባቷ። «ወረቀት ያረጃል፤ አይጥም ይበላዋል። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ነገ ከምንጩ ጋር እናመሳክረዋለን። አንቺ ወረቀቱን ታነቢያለሽ፣ እኔ በብራናው እከተላለሁ። ከዚያ ጠርዤ እሰጣታለሁ። ሰው በማያውቀው ከተማ ያለ መሪ እንዴት ይገባል?»

«እኔማ በቃሌ ነው የማውቀው» አለች ርብቃ፣ የአክስቷን ክንድ እንደያዘች። «ገና በገባሁ ዕለት ጎረቤቶች አበባ ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። አይደል? እኔም የማበረክትላቸው መሶበ ወርቅ እየሠራሁ ነው።»

ሠናይት ጓዳ ገብታ ውኃ ጠጣች፤ ደግማ ጠጣች። ማንም አበባ ይዞ በሯን አላንኳኳም። ርብቃ ሃምቡርግ ትገባለች፣ መሶቧን አቅፋ ትቀመጣለች፣ በሩ አይንኳኳም። ያኔ አክስቴ ዋሸች አትልም፤ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፣ እኔን ነው ያልወደዱኝ ትላለች። ሠናይት ይህን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እሷም ያኔ ሌላው ሁሉ ደልቶት እሷ ብቻ የከፋት ይመስላት ነበር። ነገ ከመጠረዙ በፊት መናገር አለባት። መናገር ማለት ደግሞ አባቷ ሁለት ዓመት የጻፉትን ብራና በፊታቸው መቅደድ ማለት ነው።

*

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አራቱም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ግራዝማች ንባብ አይቀሩም፤ ከሁሉ ቀድመው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። መሪጌታ ብራናውን አትሮንስ ላይ ዘረጉ። ቀለም ቀንዳቸው፣ መቃ ብዕራቸውና መፋቂያ ሰንጢያቸው ከጎናቸው ነበሩ። ርብቃ ቅጠል ልትገልጥላቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። ሠናይት ፊት ለፊት ሆና የገዛ ደብዳቤዎቿን በእጇ ያዘች። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሳስቷል።

«አንብቢ» አሉ አባቷ። ጠቋሚ ጣታቸው በብራናው ላይ ተነሳ።

ስለ ባቡር ጣቢያው አነበበች። ስለ በረዶው፣ ቤቶቹ አምስትና ስድስት ፎቅ ስለመሆናቸው፣ የከተማው ሰው መንገድ ላይ እየሄደ መጽሐፍ ስለማንበቡ። የአባቷ ጣት ሳይደናቀፍ ተከተላት። ከዚያ ገጹን ስትገልጥ ያ ቦታ መጣ።

«...ስለ እኔ አታስቡ። ገና በገባሁ ዕለት ጎረቤቶቼ አበባ ይዘው በሬን አንኳኩ። እንደ ልጃቸውም...»

ቀና ብላ አየች። የአባቷ ጣት ቆሟል።

«አባባ» አለች ርብቃ፣ ወደ ብራናው አጎንብሳ። «እዚህ ጋ የለም እኮ። ባዶ ነው።»

ሠናይት ተነስታ መጣች። በወስፌ የተሰመሩ አምስት መስመሮች ብራናው ላይ ይታያሉ፤ ቀለም ግን አልነካቸውም። ከሥራቸው ጽሑፉ ይቀጥላል። ርብቃ ቅጠሎቹን ገለጠች። ሌላም ባዶ ቦታ አለ፤ ሦስት መስመር። ሌላም። ስለ ሃያ ሰው አለቅነቷ የጻፈችበት ባዶ ነው።

«ዘለሉ እንዴ፣ መሪጌታ?» አሉ ግራዝማች። «እኔ እንኳ ስለ አበባው መስማቴን ልምልልዎ እችላለሁ። ዓይንዎ ከዳዎት?»

«ዓይኔስ ደኅና ነው።» መሪጌታ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ቁጣ የለባቸውም። «ሰባት ዓመትሽ ላይ የዳዊት ቅጠል ላይ ቀለሜን ደፍተሽ፣ ድመቷ ናት ብለሽ በወረቀት የጻፍሽልኝን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ከዚያች ወረቀት በፊት እንደዚያ አሳምረሽ ጽፈሽ አታውቂም ነበር። ፊደልሽ ሁልጊዜ ይጣደፋል፣ ይንጋደዳል፤ ስንት ጊዜ ቆንጥጬሻለሁ። የዚያን ዕለት ግን አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁም ጽሕፈት ጻፍሽልኝ፣ ልጄ።» ከእጇ ላይ ደብዳቤውን ወሰዱና በጣታቸው አሳዩዋት። ስለ ባቡሩ፣ ስለ በረዶው የተጻፈው ወደ ቀኝ ጋደም እያለ ይሮጣል። የአበባው ታሪክ ሲጀመር ፊደሎቹ ለቅዳሴ እንደቆመ ሰው ቀጥ ይላሉ።

ሠናይት አይታው አታውቅም ነበር። እነዚያን መስመሮች ስትጽፍ አባቷን ደስ ላሰኝ ብላ በጥንቃቄ እንደጻፈቻቸው ብቻ ታስታውሳለች።

«ሲነበብ ግን ሁሉንም ሰምተናል እኮ!» አሉ ግራዝማች፣ እንደ ተበደለ ሰው።

«ለእናቷ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ደስ ይላት ነበር፤ ለምን እከለክላታለሁ? ብራና ግን ሌላ ነው። እኔ ካለፍኩ በኋላ የሚናገር ነው። እውነቱን ስለማላውቅ ቦታውን ተውኩት።» መቃቸውን አነሱና ቀለም ቀንዱ ውስጥ ነከሩት። «አሁን የነገሩ ባለቤት መጣች። አምስት መስመር ነው ያለሽ። አሳጥረሽ ተናገሪ።»

ሠናይት መሬት ላይ ተቀመጠች። ርብቃን ላለማየት የቀለም ቀንዱን አየች።

«አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን» አለች። «አራት ወር ሙሉ ማንም በስሜ አልጠራኝም፤ ስሜ ይከብዳቸው ነበር። እሑድ እሑድ ትራም እሳፈራለሁ። የምሄድበት የለኝም፤ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ እመለሳለሁ። ትራም ውስጥ ሰው አጠገቤ ይቀመጣላ። ካፖርቱ ካፖርቴን ይነካዋል። ለዚያ ነው የምሳፈረው። ኋላ ሾፌሯ ለመደችኝ። ወፍራም ሴትዮ ነበረች። መንገድ ላይ ባየችኝ ቁጥር ደወሏን ሁለቴ ትደውልልኛለች። ይህን ሳልጽፍላችሁ ቀረሁ። ትንሽ ነገር መሰለኝ።»

መቃው ብራናው ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። መሪጌታ ጨርሰው በአፋቸው እፍ አሉበት።

«ደወሏን ሁለቴ» አሉ ግራዝማች ለራሳቸው። «እኔ ከአበባው ይልቅ ይኼ ይሻለኛል።»

ቀጠሉ። ስለ አለቅነቷ በተውት ቦታ ማተሚያ ቤቱ መዘጋቱን፣ የብረት ፊደሎቹ እንደ ጥራጊ መጣላቸውን፣ እሷም ሃምቡርግ ሄዳ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ እንደነበር አስገቡ። ከረጢቷን አምጥታ አባቷ ጉልበት ላይ አፈሰሰችው። መሪጌታ አንዷን ፊደል በጥፍራቸው ዳሰሷት።

«ይህን ወርውረው ምን ሊይዙ ነው?» አሉ በሐዘኔታ።

«ሃምቡርግን በጓሮ በሯ ነው የማውቃት» አለች ሠናይት። አሁን ንግግሩ እየቀለላት ነበር። «በጓሮ በር ሲወጣ ግን ጎሕ ሲቀድ ወደቡን አያለሁ። መርከቦቹ ሲነቁ፣ ዳቦ ቤቶቹ ሲከፈቱ። የከተማው ሰው ተኝቶ ከተማዋ የኔ ብቻ ትሆናለች። ፓሪስን አይቼ፣ ፕራግን አይቼ፣ እንደዚያ ሰዓት ያለ አላየሁም። ርብቃ፣ ድልድዮቿን በእግርሽ ሂጂባቸው። ስትጠፊ አትደንግጪ፤ እኔ ያወቅኋትን ሁሉ ያወቅኋት ጠፍቼ ነው።»

ርብቃ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ታዲያ ልቅር ነው የምትይኝ?»

«ሂጂ እንጂ! በሩ ባይንኳኳ ግን ጥፋቱ ያንቺ አለመሆኑን እወቂ። አንቺ ራስሽ ውጪና የሌላውን አንኳኪ፤ እኔ ይኼን ለማወቅ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

አንድ ባዶ ቦታ ቀረ። ሠናይት የትኛው እንደሆነ ገብቷታል። እናቷ ወይዘሮ ፈንታነሽ በሰማንያ አንድ ሲሞቱ የመለሰችው ደብዳቤ ነው። መርዶው በደረሰኝ ዕለት ፍትሐት አስደርጌ፣ ሀበሻው ሁሉ ተሰብስቦ አጽናናኝ ብላ ጽፋለች፤ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «ደብዳቤዎን ይዤ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ከሃያ ስድስቱ ሐዲድ አንዱ ጋ ተቀመጥኩ። እዚያ ሰው ሁሉ ሲለያይ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስን ሰው ምን ሆንሽ የሚል የለም። እስኪመሽ አለቀስኩ። አንድ ባቡር ሲነሳ እጄን አውለበለብኩ። ማን ይኑርበት ማን አላውቅም።»

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

መሪጌታ አልጻፉም። መቃውን በእጃቸው እንደያዙ ጫፉ ደረቀ።

«እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው በቁም ጽሕፈት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ማንም የማያውቅብኝ። እናትሽ ሦስት ቀን ታማ አረፈች ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ። ሦስት ወር ነው የታመመችው። በየቀኑ በሩ ሲንኳኳ ሠናይት ናት ወይ ትል ነበር። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሠናይት አንገቷን አቀረቀረች። ርብቃ እጇን ዘርግታ ጸጉሯን ነካቻት። ከዚያ ሠናይት የቀለም ቀንዱን አንስታ ወደ አባቷ አስጠጋችው።

«ይጻፉት፣ አባባ። የርስዎም ይግባበት።»

«ቦታው አራት መስመር ናት።»

«እናሳጥረዋለን።»

ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ጠረዙት። ከመጨረሻው ቅጠል ቀጥለው መሪጌታ ስምንት ባዶ ቅጠሎች ጨመሩበትና በወስፌ አሰመሯቸው። ርብቃ የምን ናቸው ብላ ጠየቀች።

«ያንቺ ናቸው። መጽሐፉን ባይሆን እኔ ላስቀምጥልሽ፤ አንቺማ ዛሬ ሰምተሽዋል። ደብዳቤሽ ሲመጣ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።» ሰንጢያቸውን አጥፈው አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ! ብቻ ፊደል አሳምረሽ እንዳትጽፊልኝ።»

*

የርብቃ የመጀመሪያ ደብዳቤ በጥር መግቢያ ላይ መጣ። ሠናይት ከፖስታ ቤት እስከ ቤት በፈጣን እርምጃ አመጣችው። ግራዝማች መንገድ ላይ አይተዋት በርጩማቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሏት።

መሪጌታ ቁርበታቸው ላይ ነበሩ። ሠናይት ያሰመረችላቸውን ብራና ይመረምራሉ። ባለፉት ሁለት ወራት ወስፌ አያያዝ ተምራለች። ደብዳቤውን ከፍታ ልታነብ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«አታንብቢው። መጀመሪያ አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ፀሐዩ ላይ ዘረጋችላቸው። ሁለቱም አጎነበሱ፤ ግራዝማችም ከኋላ አንገታቸውን አሰገጉ። ፊደሉ ሁሉ በረዶ እንደመታው ገብስ ተጋድሟል። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዱ ካንዱ ይጋጫል። ከታች አንድ ቦታ ላይ ውኃ ጠብ ብሎበት ቀለሙ ፈሷል።

«ተንጋዷል!» አሉ መሪጌታ፤ ፊታቸው በራ። «ተመስገን አምላኬ፣ ሁሉም ተንጋዷል። በይ አሁን አንብቢልን።»

መቃቸውን ከቀለም ቀንዱ አወጡ። ትርፍ ቀለሙን፣ እንደ ሰሞኑ ልማዳቸው፣ ቀኑ ባለፈበት የሠናይት መመለሻ ትኬት ላይ ጠረጉት።